ባሕር የተፋው ምስክር

ዓሣ አንበሪ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ዮናስ ነው። ዋጠው፣ ሦስት ቀን አቆየው፣ ተፋው፤ አለቀ። ስለ ዓሣ አንበሪው ማን ጠይቆ ያውቃል? እኛን ግን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሣን፣ ባሕር ራሱን ዓሣ አንበሪውን የሚተፋበት ጊዜ ነው።

ባለ ምንቃር የሚባሉት ዓሣ አንበሪዎች ኑሯቸው ከዳርቻ ርቆ ጥልቁ ባሕር ውስጥ ነው። ለትንፋሽ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠልቃሉ። ስለዚህ ሳይንስ አንዳንዱን ዝርያ ያወቀው በሕይወት አይቶት ሳይሆን ከዳር በወጣ አጥንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በአውስትራሊያ፣ ማካይ ላይ አንድ የራስ ቅል ተገኘ። ሎንግማን የተባለ ሊቅ በ1926 «አዲስ ዝርያ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ዝርያውም በስሙ ይጠራል። ከዚያ ወዲያ ዝምታ።

ሁለተኛው ቅል የት የተገኘ ይመስላችኋል? እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሊያ! በ1955 ከሞቃዲሾ በማይርቀው በደናኔ ዓሣ አጥማጆች አንሥተው ማዳበሪያ ፋብሪካ ወሰዱት። ደግነቱ ሳይፈጭ ተረፈና ማሪያ ሉዊዛ አዛሮሊ የተባለች ጣሊያናዊት በ1968 ስለሱ ጻፈች።

እንግዲህ ሁለት አጥንት፣ በመካከላቸው ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ውኃ! በ2003 የታተመ ጥናት ዲኤንኤና የአጥንት ቅርጽ መርምሮ የኬንያን፣ የደቡብ አፍሪካንና የማልዲቭስን ጨመረ። በሙዚየም ውስጥ በሌላ ዝርያ ስም ተመዝግቦ የተቀመጠም ነበር። ብርቅ የተባለው እንስሳ ለካስ ሰፊ አገር ኖሮታል።

ይሁንና ምስክሩ ሁሉን አይናገርም። ሬሳን ማዕበል ይወስደዋል፤ የወደቀበት ሁሉ የኖረበት አይደለም። ሰው በሌለበት ዳርቻ የወጣውን ደግሞ ማን ይመዘግበዋል? ካርታው ላይ ባዶ የሆነው ቦታ እንስሳው የሌለበት ሳይሆን፣ ያየ ወይም አይቶ የጻፈ ሰው የሌለበት ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ከእሳትና ከምስጥ የተረፈችውን ብራና ይዘን «ዘመኑ ይሄ ነበር» እንላለን። ያልተጻፈለትን ሕዝብ ደግሞ «ታሪክ የለውም» ለማለት እንቸኩላለን። እንዴ! የደናኔዎቹ ዓሣ አጥማጆች ስማቸው በዝርያው ላይ የለም፤ እነሱ ባያነሡት ግን የምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ለረጅም ጊዜ ባዶ ተብሎ በቀረ ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ በመመረቂያ ጽሑፋችን ላይ «አልነበረም» ብለን ከመጻፋችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ፤ በዚያን ጊዜ ዳርቻው ላይ የቆመ ሰው ነበር ወይ?