«ልቤን» ስንል

መምህራችን ስሜን ጠርታ «አንብብ» ስትለኝ ትከሻዬ ይወጠራል፣ ትንፋሼ ያጥራል፣ ልቤ ድው ድው ይላል።

እኛ ሐሳብ ሲበዛብን «ልቤን አመመኝ» እንላለን። በዕብራይስጥም ልብ «ሌቭ» ነው፤ ከ1991ዱ ዘመቻ ሰሎሞን በኋላ ይህን የሰሙ አንዳንድ ሐኪሞች ሰውን ለልብ ምርመራ ይልኩ ነበር። ናፍቆት ግን በዚያ መሣሪያ አይታይም። «አኒ ቤላኻጽ»፣ ተጨንቄአለሁ ማለትም ይለመድ።

ወገኖቼ፣ እኔስ ሰንበት ከሰዓት በኋላ በጋን ሽሙኤል በኩል ስሄድ (በ1890ዎቹ የተተከለ የትርንጎ አትክልት ነበር አሉ) እግሬ መሬት ሲረግጥ ልብ እላለሁ። አየር በአፍንጫዬ ስቤ፣ ከሳብኩበት አስረዝሜ አስወጣለሁ፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላልና። ክፍል ውስጥም ማንም ሳያይ ይሠራል። ደረት የሚጫን፣ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ከሆነ ግን ትንፋሽ አይቆጠርም፤ ወዲያው 101 ይደወላል።