ባቡሩ የት ይቆማል?

ሰው የሚወደው በደጁ ያለውን ብቻ አይደለም፤ የራቀውንም አብልጦ የሚወድበት ጊዜ አለ። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በከለላ፣ እህል በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ገበያ ሲወጣና ሲወርድ እያየ ያደገው መምህር የባቡር ወዳጅ የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስላል። በተወለደበት አገር ሐዲድ የለም፤ ክረምት ሲገባም መንገዱ በጭቃ ይያዛል። ስለዚህ ሸክም ከሰውና ከእንስሳ ጫንቃ ወርዶ በብረት ላይ ሲንከባለል ማየት ለእርሱ ተራ ነገር አልነበረም።

በ1980ዎቹ ዓመታት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር፣ ከደመወዙ ያጠራቀማትን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይወርድ ነበር። ካሜራው አሮጌ ናት፤ አንዱ ጥቅል ፊልም ከሠላሳ ስድስት ፎቶግራፍ አያልፍም። ከለገሃር ተሳፍሮ በሞጆ፣ በናዝሬት፣ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ ድሬዳዋ እስኪደርስ እያንዳንዷን በቁጠባ ያነሳት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ያነሳው ሁሉ የባቡሩን ራስ፣ መንኮራኩሩንና ድልድዩን ነው። ሰው በፎቶግራፉ ውስጥ ከገባም በድንገት የገባ ነበር።

ዓይኑን የለወጠለት በድሬዳዋ የተዋወቀው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ዘበኛው «ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው» ብሎ መምህሩን ሲያቆመው፣ ሽማግሌው ጠጋ ብለው «ተወው ልጄ፣ እንግዳ ነው፤ ሥራችንን ሊያይ ነው የመጣው» አሉና አስፈቀዱለት። ከዚያም መዶሻቸውን አንስተው የፉርጎውን መንኮራኩር ነካ አደረጉት። የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። መምህሩ ይህን ሲሰማ «ጋሼ፣ እናቴም እንስራ ስትገዛ እንዲሁ በጣቷ ቆርቁራ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ሆኖም ነገሩ የሳቅ ብቻ አልነበረም፤ በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ተሳፋሪዎች አልቀዋልና የዚያ ሙያ ክብደት በሁለቱም ዘንድ የታወቀ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመምህሩ ካሜራ ከማሽኑ ወደ ሰው ዞረች። ባቡር በቆመባቸው ደቂቃዎች ኤረር ላይ ፍራፍሬ በቅርጫት የሚያቀርቡ ሴቶችን፣ አፍደም ላይ ወተት የያዙ እረኞችን፣ ሜኤሶ ላይ ዘመድ የሚጠብቁ ሽማግሌዎችን አነሳ። እነዚህን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲደረድራቸው አንድ እውነት ተገለጠለት፤ ከተማን የሚሠራው የባቡሩ ማለፍ ሳይሆን መቆሙ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፣ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ የነበረ ቢሆንም የተራራው አቀበት ስለከበደ ከሥሩ በሜዳው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበትም ስፍራ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ገንዘብ አጥሮ፣ የኃያላኑም ሽኩቻ ተጨምሮበት፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለገሃር የሚለው ስም እንኳ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተወርሶ በሕዝቡ አንደበት የተለዘበ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚደረገው ጉዞ ሲቋረጥ በየጣቢያው የነበረው ገበያ አብሮ ተቀዛቀዘ። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ የታቀደ ነው። ሐዲዱ ከአሮጌው የአንድ ሜትር ስፋት ይልቅ 1.435 ሜትር ስፋት አለው፤ ለዚህ ፍጥነትም ሰፋፊ ኩርባ ያስፈልጋል። ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ ወጣ ብለው ተሠሩ። መምህሩ በእርሱም ተሳፍሯል፤ ጉዞው መፍጠኑንና ምቾቱን አድንቋል። ነገር ግን በመስኮቱ ሲያነጣጥር ቅርጫት የያዙት ሴቶች አልታዩትም። ማማረሩ አይደለም፤ መንገድ ያጣ አገር ልጅ ፍጥነትን አይንቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩ የት ይቆማል?

ጥያቄው ወደ ወሎም ደርሷል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው መስመር በ2007 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ። ተራራ ተበሳ፣ ሐዲድ ተነጠፈ፤ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ኮምቦልቻ ደረሰ። መምህሩ ከዚያ በኋላ ባቡር የማያልፍበትን ሐዲድ አንሥቷል፤ ከፎቶግራፎቹ ሁሉ ዝምተኛው ይህ ነው።

ያነሳቸው ሥዕሎች በከለላ ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ ሆነዋል። ተማሪዎቹ ከባቡሩ አስቀድመው በሥዕሉ ዳር ስለቆሙት ሰዎች ይጠይቁታል። የድሬዳዋው ሽማግሌ ግን በሕይወት የሉም፤ ያንን መንኮራኩር የሚያዳምጥ ጆሮ የቀረው በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ብቻ ነው። ካሜራ ያለው የኪነ ጥበብ ሰው፣ ብዕር ያለው መምህር፣ በየጣቢያውና በየአውደ ሥራው ያሉትን አዛውንት የሙያ ሰዎች ዛሬውኑ ቢጎበኝ፣ ለነገው ትውልድ የሚያወርሰው ትልቅ ቅርስ ይኖረዋል።