እባቧን ያፈቀርን ልጆች

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጨንቻ ያደግን ወንዶች የመጀመሪያ ፍቅራችን እባብ ነበረች። ተዋናይዋ ስሪዴቪ ትባላለች፤ ፊልሙ «ናጊና»። ህንድ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ካሴቱ በስንት ከተማ ዞሮ፣ በስንት ዴክ ታሽቶ ነበር። ሴቶቹ ታሪኩን የሰሙት ባብዛኛው ከወንድሞቻቸው ነው፤ ቪዲዮ ቤት የገባች ልጅ ወሬዋ ቀድሟት ቤት ይገባላ!

ቪዲዮ ቤት ሲባል አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ የጭቃ ቤት ነው፤ ከኋላ ቆሞ ለማየት እንኳ ግፊያ አለ። ውጭ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀን እንሞቃለን። መግቢያውን የምናገኘው ሸማ ለሚሠሩ አባቶቻችንና አጎቶቻችን ቀሰም ጠቅልለን ነው። ልክ የስሪዴቪ ዓይን መለወጥ ሲጀምር ምስሉ ይዥጎረጎራል። «ሄዱ ቆሽሿል!» ይላል አንዱ ዐዋቂ። ባለቤቱ ዴኩን ከፍቶ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል። ያቺ ሴት እባብ ሆናለች ወይስ አልሆነችም? ጥጡ እስኪወጣ ማንም አይተነፍስም።

ሂንዲ የሚሰማ አልነበረም። ፊት የተቀመጡት ትልልቆች ያስተረጉማሉ፤ ትርጉሙ ግን ከሆዳቸው ነው። ስለዚህ በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ የተለያዩ «ናጊና»ዎች ይተረኩ ነበር፤ በአንዱ የአክተሩ እናት ጠንቋይ ናት፣ በሌላው ልጇን ለማዳን የምትባክን ምስኪን። ሁላችንም የምንስማማበት ይሄ ነው፦ አክተሩ ሪሺ ካፑር ያገባት ሴት እባብ ናት፤ ልትበቀል መጥታ ፍቅር ይዟት ቀርታለች። ቦሱ አምሪሽ ፑሪ ደግሞ ከቅል የተሠራ መንፊያውን እየነፋ ማንነቷን ሊያጋልጥ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ዜማው እየጎተተ ያስጨፍራታል፤ ቤቱ በሙሉ «አትጨፍሪ!» ይላታል።

ቤቱ በሙሉ ከእባቧ ወግኖ ነበር ማለት ነው። ይህን አሁን ሳስበው ቀላል ነገር አልነበረም። እኛ እስከዚያ የምናውቀው እባብ የሚገደል ነው። ሔዋንን ያሳታት እሱ። የአክሱሙ አርዌ ሕዝቡን ልጃገረድና ከብት ሲያስገብር ኖሮ አንጋቦ በመርዝ የጨረሰው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋው ደራጎን። በኋለኞቹ ሁለት ታሪኮች ልጅቷን ከአውሬው ማዳን ነው ሥራው። ልጅቷ ራሷ አውሬው ብትሆንስ ብሎ የጠየቀን አልነበረም፤ ህንዶቹ ጠየቁን። እነሱ ዘንድ መቶ ዓመት የኖረ እባብ ሰው የመሆን ኃይል ያገኛል የሚል የቆየ ተረት አለ፤ ናጊናም የተቀዳችው ከዚያ ነው። (ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ናትና እባብ ማየት ያሰኘው ወደ አርባ ምንጭ ቢወርድ ይሻለዋል። እኛ ግን ፊልሙን ባየን ሰሞን በእንሰቱ ሥር ስናልፍ እንጠነቀቅ ነበር። ተስፋም አልነበረንም አልልም።)

ወላጆቻችን አልወደዱትም። ጸሎት ቤት የሚሄዱትም ቤተ ክርስቲያን የሚስሙትም ጣዖት ማየት ነው ብለው ተስማሙ፤ ሁለቱ ወገኖች እንዲህ የተስማሙበትን ሌላ ጉዳይ አላስታውስም። ግን እኮ እንዲህ ያለው ነገር ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር ከእኛ አፍንጫ ሥር ዶርዜ ተቀምጦ ሲያጠና ያገኘው አስደናቂ ነገር አለ፤ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብንም ይጾማል ይላሉ። በጾም ቀንም ቢሆን ታዲያ ከብቶቻቸውን ከነብር ይጠብቃሉ። የሚጾም ነብር ያላቸው ሰዎች የምታፈቅር እባብ ለምን ታስደነግጣቸዋለች?

ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ሳይጎረምሱ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ወረዱ፤ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰደው ሸማ ሲሠሩ አደጉ። የነብሩን ዓይነት ተረት ሊነግሩን የሚችሉት አያቶች ጨንቻ ቀሩ። በመሃል ፊልሙ ብቻ ሁለቱም ቦታ ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ ዚ ዓለም ህንዶቹን ራሳቸውን አማርኛ አናገራቸው። ልጆቻችን እያንዳንዷን ቃል ይሰማሉ፤ የሚጨምሩት ነገር ግን የላቸውም። በዚህ እኛ እንበልጣቸዋለን፤ ጉረኛ በሉኝ።

የሚቆጨኝ ያን ሁሉ «ናጊና» በአፋችን ስንደርስ አንዳችንም ብዕር አለማንሳታችን ነው። ዛሬ በቴሌግራም ተከታታይ የፍቅር ልብወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ታሪኩ ሁልጊዜ አዲስ አበባ፣ ሁልጊዜ ካፌ። እኔ ብጽፍ ከነብሩ እጀምር ነበር፦ ዓርብ ቀን፣ ሰው ሆኖ፣ ጨንቻ ገበያ መሃል፣ ሥጋ ቤት ያላት ልጅ ዓይን ውስጥ ገብቶ።