አመድ አፋሽ

አማርኛችን አመድን አይወደውም። ልጅ ከአባቱ ካነሰ «እሳት አመድ ወለደ» ነው፤ ውለታው የተካደበት ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ይላል። እኔ ሰሞኑን የምር አመድ አፋሽ ሆኛለሁ። ለጓሮ ጎመኔ ብዬ እንጀራ የሚጋግሩ ጎረቤቴ ምድጃ ሥር ቁጢጥ እላለሁ።

«ክሽክሽ አስቸግሮህ ነው? እናቴም ጠዋት በጤዛው ትነሰንስበት ነበር» አሉኝ እትዬ። «ግን ነገ ና፣ ገና ነፍስ አለው።»

ላዩ ነጭና ቀዝቃዛ ነው፤ አልሰማኋቸውም። ማታ የፕላስቲክ ሳፋዬ ሥሩ ቀልጦ አገኘሁት። አመድ ሆዱ ውስጥ ፍም ይዞ ቀናት ሊያድር ይችላል ለካ። አሁን ክዳን ባለው የቆርቆሮ ባልዲ፣ ከቤት ራቅ አድርጌ ነው የማሳድረው።

ከዚያ በአሮጌ ወንፊት እነፋዋለሁ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ነፋስ በሌለበት። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ነገር ወሬኛ ነው። ምስማር ከተገኘ የዚያን ቀን የነደደው የግንባታ እንጨት ነበር ማለት ነው። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ችፑድ ወይም ፌስታል የነደደበት አመድ ለሚበላ ነገር አይሆንም፤ እደፋዋለሁ። እትዬም የባህር ዛፉን ለብቻው ያስቀምጡልኝ ጀምረዋል።

ስስት ግን ጎዳኝ። ድንቹንም ልጥቀመው ብዬ ደፋሁበት፤ ሲቆፈር ልጡ እከክ በእከክ። አመድ እንደ ኖራ የአፈርን አሲድ ይሰብራል፣ የድንች እከክ ደግሞ አሲዱ የቀነሰ አፈር ይመቸዋል። እንደ ወለጋና ጎጃም ላለው አሲዳማ ቀይ አፈር መድኃኒት የሆነው፣ ጨዋማ ለሆነው የስምጥ ሸለቆ መሬት በሽታ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር በዓመት አንድ ሁለት እፍኝ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጎ፣ ከአፈር ጋር ቀላቅሎ፤ በቃ። ለጋ ችግኝ ላይ አይደፋም። ከዩሪያ ጋርም አይገናኝ፤ ዩሪያው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ ሆኖ ይበናል።

ፈረንጆች የአመድ ውሃ በድስት አፍልተው ያወጡትን ጨው «ፖታሽ»፣ የድስት አመድ፣ አሉት። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ከዚያው ፖታሽ አዲስ ብረት ለይቶ ፖታሲየም ብሎ ሰየመው። እነሱ ዘንድ የንጥረ ነገር ስም፣ እኛ ዘንድ ስድብ።

የአመድ ውሃ ቆዳ ይበላል፤ ጓንት ማድረግ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ እስር ጎመን ይዤላቸው ስሄድ እትዬ አስቀድመው ያዩት እጄን ነበር።

«ውይ ልጄ፣ አመድ መሰለ እኮ! ቅቤ ቀባው» አሉና ጎመኑን ተቀበሉኝ።