ቅቤ የሌለበት የገና ዳቦ

ሰው ከአገሩ ርቆ ሲኖር የእናቱን ወጥ መናፈቁ የታወቀ ነገር ነው። እኔ ግን በአሜሪካ ስኖር የእናቴ አገር ያልሆነ ዳቦ ናፍቆኝ ብዙ ዘመን አሳለፍሁ። ይኸውም ጀርመኖች ስቶለን የሚሉት የገና ዳቦ ነው።

በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበርሁ፤ የተመደብሁትም በድሬስደን ከተማ ነው። በ1978 ዓ.ም. ታኅሣሥ 16 ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር የገና ዕለት፣ አንዲት ባልቴት ወይዘሮ እኔንና ሁለት ጓደኞቼን ወደ ቤታቸው ጠሩን። በማዕዱ ላይ ነጭ ስኳር የለበሰ ረዘም ያለ ዳቦ ቀረበ፤ መልኩም በመጠቅለያ የተጠቀለለውን ሕፃኑን ክርስቶስን ያስታውሳል ይባላል። ዘቢብና ለውዝ ሞልቶበታል፤ ቅቤውም ጣትን ያወዛል። እኔ ግን ጾመ ነቢያትን ገና አልፈታሁም ነበርና አልበላም አልሁ። አንደኛው ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

ወይዘሮዪቱ ምክንያቴን ከሰሙ በኋላ አልተቈጡም። እንዲያውም የእርሳቸው አባቶች ደግሞ በጥንት ጊዜ ከገና በፊት ባለው ጾም ቅቤና ወተት የማይነኩ እንደ ነበሩ፣ ስቶለንም በዘይት ብቻ ይጋገር እንደ ነበረ አጫወቱኝ። የሳክሶን መሳፍንት ዳቦው ጣዕም አጣ ብለው ወደ ሮም አቤት ስላሉ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1491 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ቅቤ እንዲገባበት ፈቀዱ፤ ያም ጽሑፍ እስከ ዛሬ የቅቤ ደብዳቤ ይባላል። እኔም ከሊቃውንቱ ያልሰማሁትን የጾም ታሪክ ከአንዲት ሉተራዊት ባልቴት ሰማሁ።

በዓመቱ ደግሞ ጠሩኝ። በዚያ ቀን ከትልቁ ስቶለን አጠገብ አንድ ትንሽ ነበረ፤ ለእኔ ብቻ በዘይት የጋገሩት ነው። እውነቱን ለመናገር ደረቅ ነበር፤ ሻይ ውስጥ ካልነከሩት በጉሮሮ አይወርድም። ነገር ግን አንዲት ፍርፋሪ አላስቀረሁም። ትምህርቴን ጨርሼ ስሰናበታቸው ደብዳቤ እጽፋለሁ አልኋቸው። አልጻፍሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኑሮዬ በቴክሳስ ሆነ። ከኦስቲን ወደ ምዕራብ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ፍሬድሪክስበርግ የምትባል ከተማ አለች፤ ጀርመን ፈላስያን በ1846 ዓ.ም. (ይህም በፈረንጆች ነው) የቈረቈሯት ናት። በአደባባይዋም ስምንት ማዕዘን ያላት ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፤ የመጀመሪያዪቱ በ1847 ተሠርታ፣ በኋላ ፈርሳ፣ በ1930ዎቹ በአምሳያዋ እንደገና የተሠራች ናት። ሰዎቹ ስለ ቅርጽዋ የቡና ወፍጮ ይሏታል፤ እኔ ግን ባየኋት ጊዜ የአገሬ ክብ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ።

በጥቅምት ወር ከቤተ ሰቤ ጋራ ወደዚያ ሄድሁ። በአንድ ምግብ ቤት ገብተን የእሪያ ሥጋ የሌለበትን ስንጠይቅ ከቋሊማው አብዛኛው ቀረብን፤ የተረፈልን ዛወርብራተን ነው። ይህም የበሬ ሥጋ በኮምጣጤና በቅመም ብዙ ቀን ተዘፍዝፎ ቀስ ብሎ የሚበስል ነው። መረቁ ጥቂት ጣፋጭ፣ ጥቂት ኮምጣጣ፣ ልክ በድሬስደን እንደማውቀው ሆኖ አገኘሁት። አብሮት የቀረበው ቀይ ጥቅል ጎመንም መልካም ነበር። ልጆቼ ግን ድንቹን ብቻ በሉ።

ከዚያ ወደ ዳቦ ቤቱ ተሻገርን። በጀርመን አገር ሮገን ከሚሉት እህል ዱቄት የሚጋገር ጥቁር ዳቦ አለ፤ እንደ እኛ እንጀራ በእርሾ ስለሚቦካ ሲቈርሱት ሽታው ይኮመጥጣል። በዚህ ያገኘሁት ግን ለስላሳና ጣፋጭ ነበር። ጋጋሪውን ይህ የጀርመን ዳቦ አይደለም አልሁት። እርሱም ሳይከፋ፣ ደንበኞቼ የሚወዱት ይህንኑ ነው አለኝ። ወዲያው አፈርሁ፤ በእኔ ቤት ጤፍ በጠፋ ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ዱቄት የተጋገረውን እንጀራ ብለን ስንበላ ስንት ዓመት ኖረናል!

በታኅሣሥ ስመለስ ስቶለኑ በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ነበር። ቅቤ የሌለበት ይኖር እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ጋጋሪው ራሱን ነቀነቀ፤ በድሬስደን ሕግ ለ100 ኪሎ ዱቄት ቢያንስ 50 ኪሎ ቅቤ ያልገባበት በከተማዪቱ ስም ሊጠራ አይችልም፣ በዘይትማ ከሆነ እውነተኛ ስቶለን አይደለም አለ። የቅቤውን ደብዳቤ ታሪክ ልነግረው ጀመርሁ፤ ነገር ግን ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበርና ተውሁት።

አንዱን ገዝቼ በቁም ሣጥን አኖርሁት። ስቶለን ሲቈይ የሚጥም ነውና አልጐዳውም። በገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አወጣሁት፤ ልጆቼ ወደዱት፣ ባለቤቴም ሁለት ጊዜ ቈረሰች። እኔም በላሁ፤ ከወይዘሮዪቱ ዳቦ እጅግ የሚጥም ነበር። ቢሆንም ሻይ አስቀድቼ፣ ሳያስፈልገው፣ ነከርሁት። ትንሿ ልጄ ለምን እንደማደርገው ጠየቀችኝ፤ የድሬስደኗን ባልቴት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቴ የጠራሁት ያን ቀን ነው።