የሚስማር ሽጉጥ ከመግዛታችን በፊት

"ሽጉጥ ላምጣላችሁ?"

አጎታችን ነው፤ የሚደውለው ከሜሪላንድ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር እናታችን ሰማች። ሰፌዷን አስቀምጣ አማተበች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጎጃም ውስጥ ይህን ቃል በቀልድ የሚሰማ ጆሮ የለም። "በስመ አብ! ምን አድርጌህ ነው ወንድሜ?" አለችው። "ኧረ እትዬ፣ የሚስማር ነው! ሚስማር የሚመታ ማሽን!" ብሎ አስረድቶ እስኪያሳምናት ሩብ ሰዓት ፈጀ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። እኛ ስንል ደብረ ማርቆስ ተወልደን አዲስ አበባ የከረምን ሦስት ልጆች ነን፤ ሁለት ወንድማማችና አንዲት እህት። ሦስታችንም ቢሮ ነው የምንሠራው። መዶሻ የምናውቀው በልጅነታችን በርጩማ ስንጠግን ነው። ይህ ግን ካለፈው በፊት በነበረው ሰኔ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስደን የእማን ኮርኒስ ልንሠራ ከመሄድ አላገደንም።

የእማ ኮርኒስ የማዳበሪያ ነበር። የጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጆንያው ተተርትሮ ይሰፋና ይወጠራል፣ ከዚያ በኖራ ይቀባል። የእማ ግን ከዘመን ብዛት አፈርና አይጥ ተሸክሞ ሆዱ ተንዘርጥጦ ነበር። እኛ ደግሞ ኮምፔርሳቶ አማረን። የባህር ዛፍ ሞራሌ ገዛን፣ ሁለት ኪሎ ሚስማር ገዛን፣ የአናጢ ገንዘብ ለመቆጠብ ራሳችን ወጣንበት። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር መጋዙ ሲገባበት ላብ ያልበው ነበር። በአራት ቀን ጨረስን። ፎቶ ተነሣን። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍነው። "ጎበዞች!" ተባልን።

በቀጣዩ ዓቢይ ጾም፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሞራሌዎቹ አንዱ ከነኮምፔርሳቶው ተገንጥሎ ወረደ። የወረደው አልጋዋ ላይ፣ ልክ በትራሷ በኩል ነው። እሷ ቅዳሴ ላይ ነበረች። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያ ሰዓት ጎኗን የምታሳርፈው እዚያው ነው። ለእኛ ደውላ የነገረችን "ትራሴን አቆሸሸብኝ" ብላ ነው። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልጨመረችም። እኛም ሦስታችን ያን ማታ እርስ በርስ ሳንደዋወል አደርን።

አጎታችን የደወለው በዚያው ፋሲካ፣ እሷ ዘንድ ተሰብስበን ሳለ ነው። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል፦ "በመዶሻ ስለመታችሁት ነዋ! እዚህ በመዶሻ የሚመታ የለም። በሐምሌ ስመጣ ገመድ አልባውን አመጣላችኋለሁ፤ እናንተ ብቻ ዓይነቱን ምረጡ።" እውነት ለመናገር ደስ አለን። ጥፋቱ የመዶሻው ነው ሲባል የማይደሰት ጥፋተኛ የለም።

አዲስ አበባ ተመልሰን ሦስት ሳምንት አነበብን። የተማርነውን እነሆ፣ እንደኛ ለሚያምረው ሰው ይጠቅማል።

የሚስማር ሽጉጥ አዲስ ነገር አይደለም። በአየር ግፊት የሚሠራው ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እኛም አገር ሶፋ የሚሠሩ ቤቶች ጨርቁን የሚወጥሩበት፣ በቱቦ ከኮምፕሬሰር ጋር የተያያዘው ጠቅ-ጠቅ የሚለው መሣሪያ የዚያው ዘመድ ነው። ገመድ አልባ የሚባለው ቱቦውንም ኮምፕሬሰሩንም የጣለው ነው። እሱም ሁለት ወገን አለው።

አንደኛው ወገን ትንሽ የጋዝ ጣሳ ይጎርሳል። ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳና ሚስማሩን ይገፋዋል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ የፍንዳታውም ጉልበት ይደክማል። ጣሳውን ደግሞ የመንገደኛ አውሮፕላን በሻንጣ አይቀበለውም። ይህን ወገን እዚሁ ተሰናበትነው።

ሁለተኛው ወገን ባትሪ ብቻ ነው። አንዳንዱ ውስጡ የሚሽከረከር ከባድ ብረት አለው፤ አንዳንዱ የታመቀ አየር ይጠቀማል። ለመብራት ጉዳይ ይህ ይሻላል። መብራት ሲሄድ ሥራው አይቆምም፤ አንዴ የሞላ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ሚስማር ይመታል። ሆኖም ሁለት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። የአሜሪካ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛ መስመር 220 ነው። ሳያዩ የሰኩት እንደሆነ ጭሱን ያያሉ። ሌላው፣ ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን የሚገባው በእጅ ሻንጣ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 18 ቮልት፣ 5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 90 ይሆናል፤ ያልፋል።

ከዚያ መጠን አለ። ትልቁ ለቤት ማዋቀሪያ ነው፤ ከ5 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሚስማር ይተኩሳል። ትንሹ ባለ 18 ጌጅ የሚባለው ነው። የጌጅ ቁጥር ሲያድግ ሚስማሩ ይቀጥናል፤ ይህኛው ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ራሱ ከመርፌ ቁልፍ ራስ ብዙም አይሰፋም። ለጌጥ ጣውላና ለፎቶ ፍሬም ግሩም ነው። ኮርኒስ ላይ ግን ኮምፔርሳቶው በክብደቱ ቁልቁል ሲጎትት ያ ትንሽ ራስ ሾልኮ ያልፋል። ቆርቆሮ ለመምታትም አይሆንም፤ የቆርቆሮ ሚስማር ቆብ ያስፈልገዋል።

ታናሻችን ትልቁን መረጠ። መቼም ታናሽ ነው። እህታችን ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ "ጥይቱን ከየት ነው የምንገዛው?"

ዝም አልን። የሽጉጡ ሚስማር እንደኛ ሚስማር በኪሎ ተመዝኖ በጋዜጣ አይጠቀለልም። በወረቀት ወይም በፕላስቲክ ተያይዞ እንደ ዝናር ነው የሚመጣው። ዝናሩም ያዘነበለበት ማዕዘን አለው፤ አንዱ 21፣ አንዱ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ። የአንዱ ለሌላው አይገባም። መርካቶ የጠየቅናቸው ነጋዴዎች ያሳዩን የሶፋ ሠሪዎቹን ስቴፕል ነው። ስለዚህ አጎታችን ሽጉጡን አንድ ጊዜ፣ ጥይቱን ዕድሜ ልኩን ሊያመጣ ነው ማለት ነው።

ቀጥላ ወረቀት አወጣችና አሰላችው። የእማ ክፍል 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው። 1.20 በ2.40 የሆነ ኮምፔርሳቶ ስድስት ይፈጃል። በየ20 ሴንቲው ብንመታ ለአንዱ 60 ያህል ሚስማር፤ በድምሩ 350 ገደማ። ይህን አንድ አናጢ በመዶሻ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኛ በሕይወታችን ስንት ኮርኒስ ልንሠራ ነው?

ስለ አደጋውም አነበብን። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ዘገባ፣ ከ2001 እስከ 2005 በነበሩት ዓመታት በሚስማር ሽጉጥ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የሚገቡት በዓመት በአማካይ 37,000 ያህል ነበሩ። ከነዚህ 40 በመቶው አናጢዎች አይደሉም፤ እንደኛ ቤታቸው ውስጥ የሚሞካክሩ ናቸው። ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቢያንስ ማስፈንጠሪያውን ይይ። አፉ እንጨት ሳይነካ ቢሳብ የማይተኩስ፣ ለእያንዳንዱ ሚስማርም ጣትን ለቆ እንደገና መሳብ የሚጠይቀው ዓይነት ይሻላል። ጣት ተጭኖ እንደያዘ በነካው ቁጥር የሚተኩሰው ፈጣን ነው፤ በጥናት ሲታይ ግን አደጋው እጥፍ ያህል ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን የሽጉጡንም ውለታ እንናገር። የጭቃ ቤት ኮርኒስ በመዶሻ ሲመታ ቤቱ በሙሉ ይናጋል። ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ከግድግዳው አፈር ይረግፋል፣ አንገት ይደነዝዛል። አንድ እጅ ጣውላውን፣ አንድ እጅ ሚስማሩን፣ አንድ እጅ መዶሻውን መያዝ አለበት፤ ቁጠሩት፣ ሦስት ነው። ሽጉጡ በአንድ እጅ፣ ያለ ንዝረት፣ በቅጽበት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ልባችን አሁንም አልቆረጠም ነበር።

የቆረጠልን ሌላ ሰው ነው። በግንቦት ለልደታ ስንሄድ ሰፈሩ በሙሉ "አያ" የሚለውን አናጢ ቤት ጠራነው። ያኔ ገንዘቡን ልንቆጥብ ያለፍነው ሰውዬ ነው። እማ ጠላ ቀዳችለት። የወደቀውን ሞራሌ አመጣንለት። እያገላበጠ አየው። ከሚስማሮቹ አንዱን በሁለት ጣቱ ያዘና ሳበው። በጉጠት አይደለም፣ በጣቱ ነው። ወጣ።

"መቼ ነው የገዛችሁት?"

"ሰኔ።"

"መቼ መታችሁት?"

"በሦስተኛው ቀን።"

ሳቀብን። "ልጆቼ፣ ይኼ እንጨት ሚስማሩን አቅፎት ነበር እንጂ አልያዘውም። ሲደርቅ እቅፉን ለቀቀዋ።" ከዚያ ወደ ጫፉ አዞረው። እዚያ ደግሞ ሚስማሩ ከዳር በጣም ቀርቦ ስለተመታ እንጨቱ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ነጭ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ደጋው በሙሉ የሚያውቀውን እኛ ፌስቡክ ስንለጥፍ ዘንግተነዋል።

"አያ፣ አንቱስ ምን ይላሉ? አጎታችን በማሽን ምቱት ይላል" አልነው። የሽጉጡን ቪዲዮ በስልክ አሳየነው። ሁለት ጊዜ አየው። ወደደው፤ አልዋሸንም። "ጥሩ ነው። እኔም ባገኝ ደስ ይለኛል፣ ትከሻዬ አልቋል" አለ። ከዚያ ስልኩን መለሰልንና "እርጥቡን እንጨት ግን እሱስ ያደርቀዋል?" አለን።

በኋላ ስናነብ የአሜሪካው የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ የእንጨት መመሪያም ይህንኑ ይላል። እርጥብ እንጨት ላይ የተመታ ልሙጥ ሚስማር፣ እንጨቱ ሲደርቅ የመያዝ ኃይሉን እስከ 75 በመቶ ሊያጣ ይችላል። አያ ይህን በሁለት ጣቱ ነግሮናል። ሽጉጡ ቢኖረን ኖሮ ያንኑ ስህተት በአራት ቀን ፋንታ በአንድ ቀን እንሠራው ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለአጎታችን ደወልን። ሽጉጡን ተወውና ገመድ አልባ ድሪል አምጣልን አልነው፤ ባለ 18 ቮልት፣ ሁለት ባትሪ፣ ቻርጀሩ 220 ላይ የሚሠራ። ምክንያታችን ቀላል ነው። ድሪል አስቀድሞ ቀጭን ቀዳዳ ይበሳል፣ ስለዚህ ባህር ዛፉ አይተረተርም። በሚዞር ብሎን ስለሚያጠብቅ ግድግዳው አይናጋም። ጥርስ ያለው ብሎን እንደ ልሙጥ ሚስማር በቀላሉ አይሾልክም፤ ከላላ ይጠበቃል፣ ከተሳሳቱ ይፈታል። ብሎኑ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ካለ ማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገኛል። አጎታችን ትንሽ ቅር አለው። "ድሪልማ እዚያም አለ" አለ። ትክክል ነው። ያማረው የሌለንን ነገር ማምጣት ነበር፤ ለራቀ ሰው ፍቅር የሚገለጠው በሻንጣ ነውና አንፈርድበትም። እኛም ከአዲስ አበባ ያደረግነው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ የአንድ ሳምንት ፈቃዳችን ውስጥ ሁሉንም ነገር ልንጨርስላት ነበር።

እንጨቱን የገዛነው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። አያ ራሱ መረጠልን። ጓሮ በጥላ ሥር፣ በመሀሉ አየር እንዲያልፍ ቁራጭ እንጨት እየተደረገበት ተደረደረ። ፀሐይ ላይ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል። ስድስት ወር ከመንፈቅ ቆየ። የተጣመመውን ጣልን፤ እማ ለእንጀራ አነደደችው። እስከዚያ ድረስ ያ አሮጌ ማዳበሪያ ተመልሶ ተወጥሮ ክረምቱን አሳለፈ።

ባለፈው ግንቦት አያ ሠራው፤ እኛ አቀበልን። ገንዘቡን ያለ ክርክር ከፈልነው። በሁለተኛው ቀን ድሪሉን ተላምዶት እንዲያውም አልሰጥም ብሎ ነበር። ኮርኒሱ ያምራል። ፎቶ አላነሣነውም።

ማታ አልጋዋን ወደ ቀድሞ ቦታው ልንመልስላት ተነሣን። ሞራሌው ከወደቀ ጀምሮ ወደ ሌላኛው ግድግዳ አስጠግታው ነበር። እማ ቀና ብላ ኮርኒሱን ዳር እስከ ዳር አየችው፣ እኛንም አየችን።

"ተውት" አለች። "አንድ በጋ ይለፍበት።"