ልጅ አፉን ለመፍታት ሲዘገይ

ልጅ ጥርስ ያበቀለበትንና ዳዴ ያለበትን ቀን ቆጥረን እንይዛለን። አፉን ለመፍታት ሲዘገይ ግን ትዕግሥታችን ልክ የለውም። «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው» ትላለች አማት። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ትላለች ጎረቤት። ከሥራ ስትደክም ለዋለች እናት ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ለሐኪም ቤት ፈቃድ ከመለመን ይገላግላታልና።

የታላቅ እኅቴ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ሞልቶት ከ«እማ»ና ከ«እንካ» በቀር ቃል አልነበረውም። ከዘመዱ ከፊሉ ምላሱ ታስሯል አለ፤ ከፊሉ እንጥሉ ይቆረጥ አለ። እኅቴ ግን ሬዲዮኑ ጮክ ካላለ ልጁ ዘወር እንደማይል አስተውላ ኖሮ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮውን ያመው ነበርና ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ስንት ወር ሙሉ የእኛ ንግግር ለእርሱ ውኃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ ድምፅ ነበር! የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች አስቀድመው «ጆሮው ታይቷል ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ስለዚህ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል፤ ቃል ግን አያመጣም።

ልጅ በሁለት ዓመቱ «ውኃ ስጪኝ» እንደማለት ሁለት ቃል ማገጣጠም ይጀምራል። ይህ ከቀረ አስመርምሩት። በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የፈለገውን በጣቱ የማያመለክት፣ ይላቸው የነበሩትን ቃላት የተወ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓመት እስኪሞላው እንኳ አትጠብቁ፤ ነገሩ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል እንዲህ ያሉ ልጆችን ድምፅ ለማለማመድ የገዛ ፊደላችንን ተጠቅሞበታል።

በኩልትፍና ብቻ ግን አትደንግጡ። የሦስት ዓመት ልጅ «መብራት ጠፋ» ለማለት «መብላት ተፋ» ቢል ይሳቅለት እንጂ አይሳቅበት። «ረ» ለሕፃን ምላስ ከባድ ነው። እናንተ በትክክል መልሳችሁ በሉለት፤ «እንደገና በል» እያላችሁ አታስጨንቁት። የሚንተባተበውንም ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፤ እስኪጨርስ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት።

ሕክምናው መርፌም ኪኒንም የለውም። ባለሙያዋ ከልጁ ጋር ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ኳሱን ይዛ ዝም ትላለች። ልጁ ቀና ብሎ ካያት፣ ወይም «ኳ» ካለ፣ «ኳስ! እንካ ኳስ» ብላ ታንከባልልለታለች። የሥራው ግማሽ ይኸው መጠበቅ ነው። ባለሙያዎቹ በአገራችን ጥቂት፣ እነርሱም በአብዛኛው አዲስ አበባ ስለሆኑ ቀሪው በእናት እጅ ይወድቃል፤ ገላውን ስታጥቡት፣ ሽንኩርት ስትልጡ፣ ታክሲ ስትጠብቁ። «ኳስ» ሲል «ትልቅ ኳስ» በሉት። ጠይቃችሁት ሳይመልስ እናንተው አትመልሱ፤ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ሲጎለብት «እንቆቅልህ» በሉት፤ «ምን አውቅልህ» እያለ ተራውን መጠበቅ ይማራል። ቴሌቪዥንና ስልክ ሲለፈልፉ ይውላሉ እንጂ መልስ አይጠብቁም።

ይህን ሁሉ ለሞግዚቷም ሆነ ለአያቱ አሳዩአቸው። ከጧት እስከ ማታ ከልጁ ጋር የሚውሉት እነርሱ ናቸው።